መርዶ ይዞ ወደ ዝዋይ ሐይቅ

ከገርጂ ተነስቶ ወፍ ለማየት ብሎ ዝዋይ ድረስ የሚነዳ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። እኔም ብሆን ወፍ ወዳድ አይደለሁም። ጉርድ ሾላ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ፤ ከአምፖልና ከሽቦ ሌላ አተኩሬ ያየሁት ነገር ጥቂት ነው። ሆኖም ሄጄ ተመልሻለሁ። ሐይቁን ላላያችሁ፣ ምናልባትም ለማታዩት፣ መንገዱን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡንና ወፎቹን እንደነበሩ ልንገራችሁ። ሌላውንም አብሬ እነግራችኋለሁ፤ እሱን ትቼ ጉዞውን ብቻ ብነግራችሁ ውሸታም እሆናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ለአንድ ደንበኛ ሶኬት እያወጣሁ ሳለ ጋሽ ሽፈራው ደወሉ። የባለቤቴ የወይንሸት አጎት ናቸው፤ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ሠርጉም ለቅሶውም በሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው።

«ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህ ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። ደንበኛውን ትቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

«ደረጄ አረፈ» አሉኝ። «ትናንት ማታ ወሊሶን አለፍ ብሎ መኪናው ተገለበጠ። አስከሬኑ ለምርመራ ሆስፒታል ገብቷል።»

ደረጄ የወይንሸት ታናሽ ወንድም ነው፤ የእናቷ የመጨረሻ ልጅ። ከቡታጅራ መጥቶ እኛ ቤት ነው የተማረው። ዩኒፎርሙን ያጠበችለት፣ ወላጅ አምጣ ሲባል ትምህርት ቤት የሄደችለት፣ ሥራ ሲይዝ የመጀመሪያውን ሸሚዝ የገዛችለት እሷ ናት። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ሲልበት እንኳ «ልጁ» ነበር የምትለው። እኔም እወደው ነበር፤ ቤታችን ውስጥ በኔ ላይ የሚቀልድ ወንድ እሱ ብቻ ነው።

ጋሽ ሽፈራው ማልቀሻ ጊዜ አልሰጡኝም። «ታላቅ ወንድማቸው ከአሶሳ እስኪደርስ፣ አስከሬኑም እስኪወጣ ድረስ እሑድ ይሆናል። እናትየውን ራሴ ቡታጅራ ወርጄ አረዳታለሁ። ወይንሸትን እሑድ ጧት ተሰብስበን እንነግራታለን። እስከዚያ ከሰፈር አውጣልኝ። ስልክ እንዳታይ። ደግሞ በደንብ አብላት፤ ከእሑድ በኋላ እህል የምትቀምስ እንዳይመስልህ።»

ይህን ልማድ ዛሬ ዛሬ የሚነቅፈው ብዙ ነው። እኔ አልነቅፈውም። የአባቴን ሞት የሰማሁት ከማላውቀው ሰው፣ በስልክ፣ ሱቅ ውስጥ እንደቆምኩ ነው። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም፤ የወደቅሁት የፍሎረሰንት ዘንግ የተደረደረበት ላይ ነው፤ ጠባሳው እስከዛሬ ክንዴ ላይ አለ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር መስማት ያለበት በልቶና ተኝቶ ካደረ በኋላ፣ በማለዳ፣ ዘመዶቹ ግራ ቀኙን ይዘውት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ «እሺ» አልኳቸው።

የት ልውሰዳት? ልጃችን ቤዛ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የትምህርት ቤቷ የተፈጥሮ ክበብ ውስጥ ከገባች ወዲህ ከወፍ ሌላ ወሬ የላትም። ዝዋይ ውሰደኝ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ዓመት አልፏታል። የኔ መልስ ምንጊዜም አንድ ነበር፤ «ወፍ ካማረሽ መስኮት ክፈቺ።» ያን ዕለት ማታ ግን እቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ «ነገ ዝዋይ እንሄዳለን» አልኩ።

ቤዛ ጮኸች። ወይንሸት መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

«አተኮሰህ እንዴ? ነገ እኮ ትምህርት አለ።»

«አንድ ቀን ብትቀር አገር አይፈርስም።»

«ይሄን ያልከው አንተ ነህ?» ብላ ሳቀች። ጉንፋን ይዟት እንኳ ከትምህርት ቤት አስቀርቻት አላውቅም።

የስልኳ ነገርም ቀለለልኝ። መስታወቱ ተሰንጥቆ ከርሟል፤ ኢምፔሪያል ጋ ለሚጠግን ልጅ ልስጥልሽ ብዬ ተቀበልኳትና አጥፍቼ መኪናው ውስጥ ከወንበሩ ሥር ወሸቅሁት። «እግዜር ይስጥህ፤ ምን ነክቶህ ነው እንዲህ ደግ የሆንከው?» አለችኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ውሃ አልነበረም፤ ፈረቃችን አልደረሰም። ድምፄን አፍኜ ፎጣ ውስጥ አለቀስኩ።

ዓርብ

በጎሮ አድርገን ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጣን። ጎሮ ላይ እንደ ወትሮው ሚኒባሶቹ መንገዱ መሃል ቆመው ሰው ይጭናሉ፤ ረዳቶቹ ይጮኻሉ፤ እኔም እንደ ወትሮዬ ተሳደብኩ። የፈጣን መንገዱን የክፍያ በር ካለፍን በኋላ ግን መንገዱ ባዶ ነው። ከኢምፔሪያል ጉርድ ሾላ ለመድረስ በሚፈጅብኝ ጊዜ ቢሾፍቱን አለፍን።

ሬዲዮኑን አልከፈትኩም፤ የትራፊክ አደጋ ዜና ያወራል ብዬ ፈራሁ። ጸጥታውን ወይንሸት ሞላችው። ከተጋባን ወዲህ ሦስታችን ብቻችንን፣ ሠርግ ወይ ለቅሶ ሳይጠራን፣ ከከተማ ስንወጣ የመጀመሪያችን መሆኑን ያስታወሰችን እሷ ናት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበሩ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር።

«ደረጄን ይዘነው ብንመጣ እንዴት ጥሩ ነበር» አለች። «ዓሣ ሲወድ! ስልኬ ሲሠራ እደውልለታለሁ። ቅር ይለዋል።»

«ሥራ ላይ ነው» አልኳት። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ሞጆን አልፈን ብዙም ሳንርቅ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ቀይሬ፣ ተጠባባቂውም ደክሞ ስለነበር እያዘገምኩ ዓለም ጤና ደረስንና ጎሚስታ ፈለግሁ። ጎሚስታው ሸምገል ያሉ፣ ቱታቸው ዘይት የጠገበ ሰው ናቸው። ለወይንሸት ከቤታቸው በርጩማ አስወጥተው ጥላ ውስጥ አስቀመጧት፤ ባለቤታቸው ደግሞ ሳንጠይቅ ፓፓያ ቆርጠው አመጡልን። ገርጂ ቢሆን ጎሚስታው «መኪናውን ወደዚያ አድርገው» ብሎ ነበር የሚቀበለኝ።

«ከአዲስ አበባ ናችሁ? ለቅሶ ነው ሠርግ?» ብለው ጠየቁ፣ ጎማውን ከውሃው ገንዳ እየነከሩ።

ጎንበስ ብዬ የጎማውን ብሎኖች መቁጠር ጀመርኩ። ወይንሸት ግን በሳቅ ፈነዳች። «ወፍ ልናይ ነው፣ ጋሼ!»

«ወፍ?» አሉና ቀና ብለው የስልክ ሽቦው ላይ የተደረደሩትን ድንቢጦች አዩ። እሷና ቤዛ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም።

ምሳ መቂ በላን። ዓርብ ጾም ነው፤ ዓሣ ጾም ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለው ክርክር እኛ ቤት ሁሌም አለ፤ ወይንሸት ያስገድፋል ባይ ናት። ሽሮ አዘዘች። የጋሽ ሽፈራው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበርና አንድ ጉርሻ አጎረስኳት፤ ደገምኳት፤ ሦስተኛው ላይ እጄን ያዘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሠርጋችን ዕለት እንኳ እንዲህ አላጎረስከኝም።»

ባቱ የገባነው ፀሐይ ስትበርድ ነው። ከተማዋን አሁን የሚጠሯት ባቱ ብለው ነው፤ እኛ የድሮዎቹ ዝዋይ ማለት አልለቀቀንም። ያረፍነው ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ፣ ዛፍ በበዛበት ግቢ ውስጥ ነው። የማደሪያው ባለቤት አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ እትዬ ጫልቱ እንደማለት ነው፤ ወፍራም፣ ፈገግታቸው ቶሎ የሚመጣ ሴት ናቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የወባ አጎበሩ ሁለት ቦታ ተቀዷል፤ ቧንቧው ግን ሲከፈት ውሃ አለው። ወይንሸት እጇን ውሃው ሥር አድርጋ ቆይታ «እዚህ የሚኖር ሰው ምን ጎድሎበታል? ቤታችንን ሸጠን እዚህ እንግባ» አለች። ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ከጎኗ ተጋድሜ ትንፋሿን ሳዳምጥ ቆየሁ። ሁለት ሌሊት ብቻ ነው እንዲህ የምትተኛው አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ

ሐይቁ ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ግራጫ ነው፤ ሲነጋ ወደ ቡናማ ይመለሳል። ሰማያዊ ውሃ ጠብቄ ነበር፤ የለም። ዳር ዳሩን እምቦጭ ይዞታል፤ የመስኖ ሞተሮች ይንደቀደቃሉ፤ የጀልባው ሰው ድሮ ውሃው የት ድረስ ይመጣ እንደነበር በእጁ አሳየን፤ አሁን ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው። ሰው ፎቶ ላይ የሚያየው ሐይቅና ቆሞ የሚያሸተው ሐይቅ ይለያያሉ። ይኼኛው የዓሣ አንጀት ይሸታል።

ወፎቹ የመጡት ለዚያው አንጀት ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ወደ ሐይቁ በገባው ድልድይ ላይ ዓሣ ይበልታሉ፤ ፔሊካኖቹ ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ጭቃው ላይ ቆመዋል። አባ ኮዳን አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ቀይ ከረጢት ያለው፣ ክንፉን እንደ ጥቁር ካፖርት ለብሶ አንገቱን ቀብሮ የሚቆም፣ ቁመቱ ወገብ የሚያልፍ ወፍ ነው። አይጮህም፤ አይጣደፍም። የሚወድቅለትን ይጠብቃል።

ቤዛ ከክበቡ የተዋሰችውን ባይኖኩላር ዓይኗ ላይ ጥዳ «ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ፣ እዪው!» ትላለች። ወይንሸት ባይኖኩላሩን ተቀብላ ትልቁን አባ ኮዳ ቆየት ብላ አየችውና በሳቅ ተንፈራፈረች።

«ግርማ፣ ጋሽ ሽፈራውን አይመስሉም? እጃቸውን ወደኋላ አድርገው፣ ለቅሶ ቤት በር ላይ ሲቆሙ! በሞቴ እይ!»

አየሁ። ቁርጥ እሳቸውን ነበር። እሷ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ቤዛም ተከተለቻት። ጋሽ ሽፈራው በዚያች ሰዓት ቡታጅራ ሄደው የእናቷን በር እያንኳኩ ነበር። ሳቅሽን አቁሚ ልበላት ወይስ ሳቂ፣ እስኪበቃሽ ሳቂ ልበላት፣ ሁለቱም አፌ ላይ መጡ፤ የጀልባውን ሰው ዋጋ ልጠይቅ ሄድኩ።

ጀልባ ተሳፈርን። ጉማሬ አየን፤ ማለትም ሁለት ጆሮና አንድ ጀርባ አየን። ንስር ዛፍ ላይ ተቀምጦ አየን። ሌሎች ስማቸውን ቤዛ የነገረችኝ፣ እኔ የረሳኋቸው ብዙ ወፎች አየን። ወይንሸት ጀልባው አፍንጫ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣ እጇን ውሃው ውስጥ ታንሳፍፋለች። ከሐይቁ ደሴቶች አንዷ አጠገብ ስንደርስ ቤዛ የፔሊካን ፎቶ ልትለጥፍ ስልኳን አወጣች። የእናትየውን ስልክ ስደብቅ የልጅቷን አላሰብኩም ነበር። የኛ ዘመን ሰው መርዶ በሰው አፍ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል።

«አባዬ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ስልኩን አዞረችልኝ። የአክስቷ ልጅ የደረጄን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፋዋለች። ከሥሩ የሰው መዓት «ነፍስ ይማር» ይላል።

ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩትና ወደ እናቷ ጀርባ አይቼ ራሴን ነቀነቅሁ። ቤዛ አየችኝ። ከዚያ ባይኖኩላሩን አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገችው፤ ዳር እስክንወጣ አላወረደችውም። ከመስተዋቱ ሥር ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። ያቺ ልጅ እንዲህ ማድረግን ከየት እንደተማረች አላውቅም፤ ያስተማርኳት እኔ መሆኔን ሳስብ ግን ልቤ ይደማል።

«ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ የምታፈጪው?» አለቻት ወይንሸት ዞር ብላ።

«ፔሊካን።»

«የት?»

«እዚያ ጋ።» የጠቆመችበት ቦታ ላይ ውሃ ብቻ ነበር።

ከጀልባው ስንወርድ ቤዛ ወደኋላ ቀርታ ጠበቀችኝ። «ማሚ መቼ ነው የምትሰማው?» አለች። ነገ ጧት ነው አልኳት። «የመጣነው ለዚህ ነው?» አለች። አዎ አልኩ። «እሺ» አለችና ቀድማኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ የአንድም ወፍ ስም አልጠራችም።

ምሳችን የተጠበሰ ዓሣ ነበር፤ ሙሉውን፣ ጀርባው ተተልትሎ፣ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ። አዲስ አበባ ዓሣ ብለው የሚሸጡልን ከዚህ ጋር ዘመድ አይደለም። አጥንቱን እያወጣሁ ለወይንሸት አቀርባለሁ፤ ስታቆም አጎርሳታለሁ። በመጨረሻ ሰሃኑን ገፋችው።

«ይብቃህ! ልታርደኝ ነው እንዴ እንዲህ የምታደልበኝ?»

ልታርደኝ አለች፤ የኔ ጆሮ «ልታረዳኝ» ብሎ ሰማው። በአማርኛችን ማረድና ማርዳት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እጄን ልታጠብ ብዬ ተነስቼ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

አዴ ጫልቱ እዚያ አገኙኝ። ከማላውቃቸው ሴት ፊት ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ዋይ! ዋይ የኔ ልጅ!» ብለው አጠገቤ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። ምንም ምክር አልሰጡኝም፤ ጉልበቴን ይዘው ብቻ ቆዩ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «ሂድ፣ ከጎኗ አትጥፋ። እኔ አለሁ» አሉኝ።

«አለሁ» ማለታቸው ምን እንደሆነ ማታ ገባኝ። ቅዳሜ ማታ ግቢው ውስጥ ሙዚቃ ይኖራል፤ ከሻሸመኔ የመጡ ወጣቶች ጠረጴዛ ከበው ነበር። እኛ ለእራት ስንወጣ አዴ ጫልቱ ሙዚቃውን አስጠፉት። ወጣቶቹም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አስተናጋጇ ለወይንሸት ያላዘዘችውን የዓሣ ሾርባ አመጣችላትና «አይዞሽ እህቴ» አለቻት። ወይንሸት ማንኪያ ሲወድቅባት ከወጥ ቤት መስኮት ሌላ ድምፅ «አይዞሽ!» አለ። አዴ ጫልቱ ራሳቸው ትኩስ ወተት ይዘው መጥተው ትከሻዋን ዳበሱ።

«ሙዚቃውን ለምን አጠፋችሁት?» አለቻቸው ወይንሸት። «ክፈቱት እንጂ፣ ደስ ይል ነበር።»

«ጄኔሬተሩ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ። መብራት ግን ቦግ ብሎ በርቶ ነበር። የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ሚስት በዚህ አትታለልም።

ወይንሸት ዙሪያዋን አየች፤ እኔን አየች፤ ቤዛን አየች። ወተቱን ጠጥታ ስትጨርስ ወደ ክፍላችን ገባን። እኔ የጎማውን ነገር ላይ ብዬ ወደ መኪናው ሄድኩ፤ ስመለስ አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ፀሐዩ አድክሟት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እሑድ

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን፤ በላስቲክ ፓፓያና የተቀቀለ ድንች ቋጥረውልናል። ወይንሸትን አቅፈው ቆዩ፤ «አይዞሽ» አሏት አሁንም። ወይንሸት «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች እንጂ አልጠየቀችም። አለመጠየቋን ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

መቂን አለፍን። ከዚያ ወይንሸት ነጠላዋን ፈትታ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ለበሰችው፤ ለሐዘን እንደሚለበሰው።

«ግርማ» አለችኝ፤ «ከዚህ በላይ አትልፋ።»

«ምን?»

«ትናንት ማታ ስልክህን አልጋው ላይ ትተኸው ስትወጣ ጋሽ ሽፈራው ደወሉ። አነሳሁት። ሄሎ እንኳ ሳልል ‹የእናትየው ነገር አልቋል፤ አንተ በጧት ይዘሃት ና› ብለው ዘጉት።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ለእናትየው ነግረናታል ማለታቸው ነበር። እኛ ስለ ሞት ስናወራ በቀጥታ አንሄድም፤ ዙሪያውን ነው የምንሄደው። ጋሽ ሽፈራውም እንደ ልማዳቸው ዙሪያውን ሄዱ።

«እማዬ አርፋለች» አለች። ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራበት አድራለች። «እናንተ ሁለት ቀን ስትሰቃዩ አይቻችኋለሁ። የስኳር በሽታው ጎድቷታል፤ ዓይኗም ደክሟል። ምን ይደረግ፤ ወግ ማዕረጋችንን አይታ፣ አንድም ልጅ ሳትቀብር ነው የሄደችው። ይኼም ዕድል ነው።»

ከኋላ ቤዛ ሳግ ተናነቃት። ወይንሸት እጇን ወደኋላ ሰድዳ ጉልበቷን ያዘችላት። «አይዞሽ የኔ ልጅ። አያትሽ ሸምግላለች እኮ።»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። ግን መኪናው ፈጣን መንገዱ ላይ ነው፤ ብትወድቅ የሚይዛት የለም፤ ገርጂ ግን ግራ ቀኟን የሚይዝ ወገን ተሰብስቦ እየጠበቃት ነው። ይኼን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት፤ ሁሉም እውነት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ፈራሁ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

«እኔን የሚያሳስበኝ ደረጄ ነው» አለች ቀጥላ። «ሆደ ቡቡ ነው፤ እሱ አይችለውም። አልነገራችሁትም አይደል? እንዳትነግሩት። እኔ ነኝ የማረዳው፤ ከኔ አፍ ይስማው። እንዴት እንደምነግረው ሌሊት ሳስብ ነው ያደርኩት።» ከዚያ እንዴት እንደምትነግረው ነገረችኝ። መጀመሪያ ቁርስ ታበላዋለች፤ ከዚያ አጠገቧ ታስቀምጠዋለች፤ እጁን ትይዘዋለች። ቱሉ ዲምቱ እስክንደርስ ያወራችው ስለዚሁ ነው። ጎሮ ላይ ሚኒባሶቹ እንደ ወትሮው መሃል መንገድ ላይ ቆመው ነበር፤ አልተሳደብኩም።

ሰፈራችን ስንገባ የዕድሩ ድንኳን ከበራችን ፊት ለፊት ተተክሏል። ወንዶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ መኪናችንን ሲያዩ ተነሱ። ወይንሸት ሞተሩ ሳይጠፋ በሩን ከፍታ ወረደች። ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳች፤ ጩኸቱም ጉሮሮዋ ላይ ነበር።

ያኔ ከድንኳኑ ውስጥ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው አማቴን ይዘው ወጡ። ከቡታጅራ አምጥተዋቸዋል፤ እዚያ መኖራቸውን እኔም አላወቅሁም። ጥቁር ለብሰዋል፤ ፊታቸው ተቧጭሯል።

ወይንሸት ቆመች። ያነሳችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«እማዬ?» አለች። «እማዬ! አለሽ?»

ሮጠች። እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። እናቷን አቅፋ አንገታቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ የተቧጨረውን ፊታቸውን እያገላበጠች ትስማለች። «እሰይ! እሰይ! ተመስገን አምላኬ! እማዬ አለሽልኝ!» ትላለች፤ ትስቃለች፤ ዕንባዋ ይወርዳል። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ቆሞ ያያታል። ጋሽ ሽፈራው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። አማቴ ልጃቸውን አጥብቀው ያዙ።

ያ አያያዝ ነው የነገራት መሰለኝ። ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ የቆሙትን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። አጎቷን አየች። ከአሶሳ የመጣውን ታላቅ ወንድሟን አየች። የአክስቶቿን ፊት ተራ በተራ አየች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

«ደረጄስ?» አለችኝ። «ደረጄ አልመጣም እንዴ?»